የዳሚት ድርቆሽ

ሰኞ

ሙሳ ዛሬም መጣ። ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ኤዶ፣ ሐሙስ» አለኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። በሦስት ዓመቱ ኮርቻ ላይ ያወጣሁት፣ ሲወድቅ አቧራውን አራግፌ ንፍጡን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። አሁን በመስኮት ያነጋግረኛል፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣበት።

ሐሙስ የፈረሶቹ ግቢ ይፈርሳል። የኮንቴይነር ማከማቻ ይሆናል። አባቱ ሐጂ ቢኖሩ ኖሮ... ይሄን አልጽፈውም። የሉም።

ይህ ደብተር የመኖ ደብተር ነበር። የትኛው ፈረስ ስንት እስር እንደበላ፣ የትኛው እንደሳለ፣ የማን ጫማ እንደወለቀ የምጽፍበት። አሥራ አራት ነበሩ። አሥራ ሦስቱ ተሸጠው ሄዱ፤ ገሚሶቹ ባሕር ተሻግረዋል። ጋጣው ባዶ ሲሆን ደብተሩም ባዶ ሆነና እኔ ገባሁበት።

የቀረችው ዳሚት ናት። ዳማ ባዝራ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ስትወለድ የተቀበልኳት በእነዚህ እጆቼ ነው። ጥርሷን ያየ ገዢ ዋጋ አይጠይቅም፣ ይስቃል። እኔም ሰባ አራት ሆኖኛል፤ የእኔን ጥርስ ቢያይማ እንዴት ይስቅ።

ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ነበር። ተካ ነው ትንሽ የቀጠለልኝ። ተካ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የወሎ ልጅ። ሙሳ የትራንዚት ሥራ አለው፤ ጭነቱን ከጅቡቲ ወደብ ወደ አገር ቤት የሚያወጣለት ተካ ነው። ሲመለስ ድርቆሽ ያመጣልናል፣ ይኸው ስድስት ዓመት። ከደሴ ከፍ ብሎ አጎቱ መስክ አላቸው። «ትምጣ፣ የቀራትን ዕድሜ ትጋጥ» ብለዋል። ተሳቢው ላይ ቦታ ተተወላት። ሙሳም እሺ አለ። የከብት ሐኪሙም ወረቀቷን ፈረመ። ሐሙስ ጠዋት ትወጣለች።

የምፈራው፦ የመንገዱ ሙቀት። ኬላው። እግሮቿ። ዳገቱ ላይ ብትወድቅ። ብትደርስ ደግሞ ብርዱ። ሐምሌ ነው፣ እዚያ ዝናብ ነው፤ እሷ ዝናብ አታውቅም።

እኔ አብሬያት አልሄድም። ማን ጋ እሄዳለሁ? አገው ምድር ያለውን የወንድሜን ልጅ በፊት ደውዬ ለምኜው ነበር። «አክስቴ፣ ሜዳው ሁሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበት ለከሰል ሆኗል። ፈረሱንም ሸጠን ባጃጅ ገዝተናል» አለኝ። አባቴ ይህን ቢሰማ ይሞት ነበር። ደግ አደረገ፣ ቀድሞ ሞተ።

ምሳ ሰዓት ላይ ምስር ጥጄ ደገፍ ብዬ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሃዋ በሩን በርግዳ ገባች። «ዘነቡ! ሰፈሩ፣ ካርቲየ ዶ በሙሉ ሊቃጠል ነው፣ አይሸትሽም?» ድስቱ ከሰል ሆኗል። ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኳት።

ጉንፋን አይደለም። ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዚህ ደብተር እንኳ ገና አሁን ነው።

ማክሰኞ

ተካ ድርቆሹን አመጣ። እንደ ወትሮው ከገበያ የተገዛ አይደለም፣ ከዚያው ከአጎቱ መስክ የታጨደ ነው። እንዲያመጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ፈረስ መኖዋ በድንገት ሲለወጥባት ሆዷ ይታወካል። አባቴ ፈረስ አገር ሊያስለውጥ ሲል፣ የሚሄድበትን አገር ሣር አስቀድሞ አስመጥቶ ያስለምድ ነበር። እዚህ ከተማ ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለም ብዬ ኮራሁ።

አሥራ ሁለት እስር ነው። ተካ ሸራውን ገለጠና ራሱን አከከ። «እማማ፣ ባቲ ላይ ዝናብ መቶን ነበር፣ ሸራው ደግሞ ቀዳዳ አለው። ከዚያ ኬላው ላይ አራት ቀን ቆምን። እስቲ ያሽትቱት» አለኝ።

ስለ አፍንጫዬ እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ የሠራሁት ነገር የእብድ ይመስላል።

አዲስ አበባ፣ ጃንሜዳ አጠገብ፣ ለአንዲት የፈረንሳይ መኮንን ሚስት ወጥ ቤት ሆኜ ተቀጠርኩ። ፈረሶች ነበሯት። ባሏ ወደ ጅቡቲ ሲዛወር ስድስቱን በባቡር ይዛ ወረደች፣ እኔንም ከድስቶቹ ጋር። አንድ ጣቢያ ላይ ፈረሶቹ ተጠምተው ምላሳቸውን ያወጣሉ። ወንዶቹ በርሜል ውሃ አቀረቡ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሽታው ከሩቅ መታኝ፤ በርሜሉ የጋዝ በርሜል ነበር። ጮኼ ደፋሁት። ሦስቱ ወንዶች ሰደቡኝ፣ ሴትየዋ ግን ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጅቡቲ ስንደርስ ወጥ ቤቱን ለሌላ ሰጥታ እኔን ጋጣ አስገባችኝ። ስትሄድም ፈረሶቹንም እኔንም ለሐጂ ትታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ነው፤ እዚህ ግቢ ዘነቡ ሳታሸተው የተራገፈ መኖ የለም። ድርቆሽ ፈትቶ የሚመረምር አፍንጫ የሌለው ነው እያልኩ በሌላው እቀልድ ነበር።

እናም ከእስሩ አንድ ጭብጥ መዘዝኩ። ከላይ ወርቅ ይመስላል። አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ድሮው።

ምንም።

ተካ ያየኛል። ሁለቱ ጫኞችም ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል፣ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው። አልሸተተኝም፣ ፍታውና አሳየኝ ማለት ነበር። ሦስት ቃል። «ወርቅ ነው፣ አራግፉ» አልኩ።

ዳሚት አልወደደችውም። አሸተተችና አንገቷን አዞረች። «የባላገር ሣር ናቅሽ? ፈረንጅ ነሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። አምቡሊ ሰፈር ወርጄ ቴምር አመጣሁ፤ በውሃ አሽቼ ረጨሁበት። በእጄ አጎረስኳት። በላች። ከእጄ እምቢ ብላ አታውቅም።

ግማሽ እስር ጨርሳለች። ለዛሬ ይህን እንደ ድል ቆጥሬዋለሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ስደርስ ተኝታ አገኘኋት። ስታየኝ ተነሳች። መሬቱን በሰኮናዋ ጫረች፣ ዞራ ጎኗን አየች፣ እንደገና ጫረች። ፋንድያ የለም። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጠፍኩ። የደህና ፈረስ ሆድ እንደ ወፍጮ ቤት ይንጫጫል። የሷ ጭጭ ብሏል።

ቁርጠት ነው። ይህን ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም።

እንዳትንከባለል በገመድ ይዤ አዞርኳት። ካምሲኑ፣ የበረሃው ትኩስ ንፋስ፣ ይነፍሳል፣ አሸዋው ዓይን ይሞላል። በግንቡ ጥላ ሥር ስንሄድ፣ ጥላው ሲያልቅ ስንመለስ። ሲደክመኝ አንገቷ ላይ ተደገፍኩ። የታመመችው እሷ፣ የተደገፍኩት እኔ።

ሰባት ሰዓት ላይ ለከብት ሐኪሙ፣ ለዶክተሩ፣ ስደውል አያነሳም። ጫት የገባበት ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት በዚህ ከተማ ሰው አይሞትም፣ ቢሞትም አይነገርም። አሥር ሰዓት ላይ ጉንጩ እንደተወጠረ መጣ። ሙሳም አብሮት መጣ፤ ዛሬ ከመኪናው ወርዷል።

ዶክተሩ መርፌ ወጋት። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገባ። ከዚያ ወደ ድርቆሹ ሄደና የአንዱን እስር ገመድ በቢላዋ በጠሰው። ከመሃሉ ግራጫ አቧራ ቡን አለ። አስነጠሰው። «ሙዋዚ!» አለ በፈረንሳይኛ። «ሻግቷል እኮ! እስከ በሩ ድረስ ይሸታል። ማን ነው የተቀበለው?»

ሙሳ አየኝ።

«ሹፌሩ ነው» አልኩ። «እኔ አላየሁትም። ራሱ አራግፎ ሄደ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ እንኳ አላደናቀፈኝም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ሙሳ ወዲያው ስልኩን አወጣ። ተካ ሁለተኛ የእሱን ጭነት አይነካም፣ ለሌሎቹም ትራንዚቶች ይነገራቸው አለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ተካ ሦስት ልጆች አሉት።

ዶክተሩ አንጀቷ ተጣምሟል አለ። በዚህ ዕድሜዋ ኦፕራሲዮን አትችልም፤ ዛሬውኑ በመርፌ ማሳረፍ ነው አለ። እምቢ አልኩ። እኛ አገር ፈረስ በሰው እጅ አይሞትም አልኩት። ያገለገለ ፈረስ ሲያረጅ ልጓሙ ይወልቅለትና ሜዳ ይለቀቃል።

እውነት ነው፣ ይለቀቃል። የአባቴን ፈረስ የለቀቅኩት እኔ ነበርኩ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ። አባቴ «አርነት ወጣ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከጅብ የተረፈውን ሄጄ አይቻለሁ። ይህን ግን ለዶክተሩ አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ሌሊቱን አልጽፈውም።

ጎህ ሲቀድ ለዶክተሩ ደውዬ «ና» አልኩት። ይህን ጊዜ አነሳ።

ልባቧን አወለቅኩላት። ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች፤ ከብዷታል። ሁለት መርፌ ነበር። አላስቸገረችም፣ ዕድሜዋን ሙሉ አስቸግራ አታውቅም። የስንቱን ሹም ልጅ፣ የስንቱን ፈረንጅ ልጅ ጀርባዋ ላይ አስለቅሳ አስቃለች። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እሷን የሚያደርስ ጠፋ።

ከትናንት አሥር ሰዓት እስከ ዛሬ ንጋት አሠቃየኋት። ለወጌ ብዬ።

ሁለት ሰዓት ላይ ግቢውን የሚያፈርሰው ኤስካቫተር መጣ። መጀመሪያ የቆፈረው የሷን ጉድጓድ ነው። ሙሳ ነው ያዘዘው፤ ልቡ ክፉ አይደለም። ማሽኑን የሚነዳው አፋር ሰውዬ አፈሩን መልሶ ከደለደለ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ጫማውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ጋጣው ሄዶ ግድግዳውን ጀመረ።

ተካ በር ላይ ነበር። ዘበኛው አላስገባውም። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ! እማማ!» እያለ በአጥሩ በኩል ያለቅሳል። ትልቅ ሰውዬ፣ ሪዛም፣ እንደ ሕፃን። ፊቴን አዞርኩ። ሐዘን የደረሰባት ሴት ፊቷን ብታዞር ማን ይታዘባል? ይህም አመቸኝ።

ዓርብ

በዓርብ እንኳ ግቢ እሄድ ነበር። ፈረስ ዓርብ አያውቅም። ዛሬ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የሃዋን ዶሮዎች ሳይ ረፈደ።

የዋሸሁት፦
ለሃዋ ጉንፋን ነው አልኳት።
ለተካ ወርቅ ነው አልኩት።
ለሙሳ ሹፌሩ ነው አልኩት።
ለዶክተሩ ወግ ነው አልኩት።
ለዳሚት ብይ፣ ጥሩ ነው አልኳት።

ሟቹ ባለቤቴ የአርሂባ ሰፈር ሰው ነበር፣ የወደብ ሠራተኛ። «ዘነቡ፣ አንቺ ፈረስ ላይ ስትወጪ እውነተኛ ነሽ፣ ስትወርጂ እንደማንኛችንም ነሽ» ይለኝ ነበር። ያኔ እንደ ቀልድ እሰማው ነበር። ልጅ አልወለድንም፣ እሱም በጊዜ ሄደ፤ እኔ ፈረሶቹን ሳበላ ሳጠጣ ዕድሜዬ አለቀ። የቀረኝ አንድ ስም ነበር፣ እሱን ላለማጣት ብዬ የሆነውን ሆንኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ከሶላት በኋላ ነጠላዬን ደርቤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ ሙሳ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛቸው የአገሬ ልጅ ናት፣ በጓሮ በር አስገባችኝ። ሙሳ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ነበር፣ ተነስቶ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት። አፍንጫዬ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ተካ ዝናብ መቶታል ብሎኛል፣ ያሽትቱት ብሎኛል፣ ያስራገፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጁን ወደ ሥራው መልሰው አልኩት።

ሳቀ። በክፋት አይደለም። «ኤዶ፣ ለአገርሽ ልጅ ብለሽ ነው። አባቴ የዘነቡ አፍንጫ ከዶክተር ይበልጣል ሲል ነው ያደግኩት።»

«ፈትነኝ» አልኩት።

ሠራተኛዋን ጠራት። ሁለት ሲኒ በጨርቅ ተሸፍኖ መጣ፤ በአንዱ የተወቀጠ ሄል፣ ሌላው ባዶ። አፍንጫዬን በሁለቱም ላይ ደፋሁ። አሥር ጊዜ ማግሁ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሄሉን ብቻ እንዲሸተኝ ለመንኩ። «የቱም አይሸተኝም፣ ሙሳ» አልኩት። ዕንባዬ መጣ።

ሙሳ ሲኒዎቹን ገፋ አደረጋቸው። «ሆን ብለሽ ነው» አለ በዝግታ። «ውሸት አትችዪም፣ ኤዶ። ተይው። ሴ ፊኒ፣ አለቀ።» ልጅ ሆኖ እንደሚያደርገው እጄን ሳመና እስከ በሩ ሸኘኝ።

ዋሽቼ አመነኝ። እውነቱን ስነግረው ውሸታም አደረገኝ።

ቅዳሜ

ሚኒባስ ይዤ ፒካ ዱዝ ሄድኩ፣ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት። የአገር ቤት ሹፌሮች በየመኪናው ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ ጭነት እስኪደርሳቸው። ተካን የሚያውቅ አንዱ ከሩቅ አይቶኝ «የፈረሷ እናት መጣች» አለ። ተካ ከመኪናው ሥር ወጣ፣ እጁ ግራሶ በግራሶ። ዓይኔን አላየኝም።

ለመናገር የሚበጅ ቃል በሚኒባሱ ውስጥ ስፈልግ ነበር። እዚያ ስደርስ አንዱም የለም። «ተካ፣ አላሸተትኩትም። አይሸተኝም። ሁለት ዓመቴ ነው። አንተን አሳልፌ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። ሌሎቹ ሹፌሮች እየሰሙ። ይስሙ።

እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ቁጢጥ አለና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፣ ጣት በጣት።

«እማማ፣ እኔም ልንገርዎት» አለኝ። «ሸቶኝ ነበር። ኬላው ላይ ሸራውን ስገልጠው ሸቶኝ ነበር። ልጥለው ብዬ ገመዱን ሁሉ ፈትቼው ነበር። ኋላ፣ እማማ ዘነቡ እያሉ እኔ ማን ነኝ፣ እሳቸው ይወስኑ ብዬ መልሼ አሰርኩት። ወርቅ ነው ሲሉኝ ጊዜ... የእኔ አፍንጫ ነው የተበላሸው አልኩ። ናፍጣ ሲያሸትት የሚውል አፍንጫ ምን ያውቃል ብዬ።»

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ዕለት ይህን ቢለኝ ኖሮ በጥፊ እመታው ነበር፣ ለእኔ ድርቆሽ ልታስተምረኝ ነው ብዬ። ያንንም ያውቀዋል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ተካ ሸቶት ነበር። ዳሚትም ሸቷት ነበር፤ አንገቷን ያዞረችው ለዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ ቴምር ቀብቼ አጎረስኳት። ያልሸተተኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱም የራሳቸውን አፍንጫ ትተው እኔን አመኑ።

ሙሳ እምቢ እንዳለኝ ነገርኩት። «ይተዉት፣ እሱ ሲበርድለት ይጠራኛል» አለ። አይጠራውም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ ትራንዚት ጭነት እስኪሰጠው ባዶውን ቆሞ ይጠብቃል፤ ሳምንት ይሁን ወር አያውቅም። አጎቱ ደውለው ባዝራዋ የት ደረሰች እያሉት ነው። ገና አልነገራቸውም።

ሻይ አስመጣልኝ። ጠጣሁት፤ ስኳሩን ምላሴ ያውቀዋል፣ ሌላውን አላውቅም። ፀሐይዋ ከመኪናው ጎን ዞራ እግራችን ላይ ስትደርስ፣ መሄድ አለብኝ አልኩት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም አላውቅም ነበር።